በሳሙና ካርቶን ላይ የጻፍኩት ደብዳቤ

የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ሁለት ነበሩ። እኔ የአንድ ዳቦ ቤት የሥራ ውል ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ የሙከራ ጊዜ የሚለውን አንቀጽ እያስተካከልኩ ነበር። «ተነስ» አለኝ አንደኛው። «አንዴ ሴቭ ላድርገው» አልኩት። ጓደኛው ሳቀ። ሰው ሊታሰር ሲል እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥፋቴ የውል መጻፊያ ቢሮዬን መዝጋቴ ነው። በዚያ ሰሞን አድማ ተጠርቶ የመቱ ከተማ ሱቆች ሦስት ቀን ተዘግተው ሰነበቱ፤ እኔም ዘጋሁ። የዘጋሁት መስታወቴ በድንጋይ እንዳይሰበር ፈርቼ ነበር። ይህንኑ ለመርማሪው ነገርኩት። «ፈሪም አድመኛም ነህ ማለት ነው» አለና ጻፈው።

ያስገቡን የድሮ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ቡናው ከወጣ ቆይቷል፤ የጆንያውና የገለባው ሽታ ግን አብሮት አልወጣም። ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎንህ ያለው ሰው የሚናገረው አይሰማም። የምንተኛው ጎን ለጎን ተጣብቀን ስለነበር አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ ሁሉ ይገላበጣል።

ከጎኔ የደረሰው ከመቱ ወዲያ ካለችው ቡሬ የመጣ ሰው ነበር። ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። የአንድ ቡና አዘጋጅ ድርጅት ዘበኛ ነበር። ታጣቂዎች ልጆች ሲያባርሩ የግቢውን በር ከፍቶ አስገባቸው ተብሎ ተያዘ። «አስገብተሃል?» ሲሉት «አዎ፣ እየሮጡ ነበር» ብሎ መልሷል። ከምርመራ ሲመለስ የግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። ከዚያ በኋላ በቀኙ በኩል እየተቀመጥኩ ነበር የማጫውተው።

እሱን ያስጨነቀው ግን ሥራው ነበር። ያን በር ዐሥራ አራት ዓመት ጠብቋል፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በእሱ ነው።

በስምንተኛው ቀናችን ጠዋት ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ወረቀት ያውቃሉ አሉ። እኔ ፈርሜያለሁ። አምስት ቀን ከቀረህ ውጣ ይላል ወረቀቱ። ታመምክ፣ ሰው ሞተብህ፣ አይልም። አለቃችን ሁሌ እሷን ነው የሚያነብልን።»

«ቃሉ እንዴት ነው የሚለው?»

«‹በማናቸውም ምክንያት› ነው የሚለው።» እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። «የጻፈው ሰውዬ ታሞ አያውቅም እንዴ?»

የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ድርጅቱ ደንበኛዬ ነው። ባለቤቱ «ቀዳዳ የሌለው ውል ሥራልኝ» ቢለኝ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ እነዚያን ሁለት ቃላት ከራሴ ጨመርኩለት፤ ያን ቀን ኮርቼባቸውም ነበር። ሕጉ እንደማይፈቅዳቸው አውቃለሁ። የቡሬ ዘበኛ ውሉን ተሸክሞ ፍርድ ቤት እንደማይመጣም አውቃለሁ፤ የተማመንኩት በዚህ ነው። ውሎቹ ቡሬ ሄደው ተፈርመው ተመለሱ። ከፈራሚዎቹ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም።

ይህን አልነገርኩትም። ስለ ሕጉ ማውራት ቀለለኝ።

«ሕጉ እንደዚያ አይልም» አልኩት። «የታሰረ ሰው ሥራው ይታገዳል እንጂ አይባረርም። ብቻ አሠሪው መታሰርዎን በዐሥር ቀን ውስጥ ማወቅ አለበት።»

«ከዚያ ስንት ቀን ይጠብቃል?»

«ሠላሳ።»

«ከሠላሳ በኋላስ?»

«እስከዚያ ማን ይቆያል!»

«እኔ ሽማግሌ ልልክ ነበር። ባለቤቱን ሚስቴ አግኝታዋለች፤ ‹እስቲ ይምጣ› ነው ያላት። ሌላ ዘበኛም አልቀጠረም። ሁለት ሽማግሌ ቢሄዱ እምቢ አይልም።»

«የሽማግሌ ነገር ቃል ነው፤ ነገ ሊረሳ ይችላል» አልኩት። «እኔ ወረቀት እጽፍልዎታለሁ።»

እስክሪብቶ የነበረው በሩ ላይ በሚጠብቀው ሳጅን እጅ ብቻ ነው። ለአሠሪ የሚሄድ ደብዳቤ መሆኑን ስነግረው «አንብቤ ነው የማስወጣው» ብሎ ሰጠኝ። ወረቀት ስላልነበረ የቡሬው ሰው ሚስት ያመጣችለትን የልብስ ሳሙና ካርቶን ቀደድን። የውስጡን ገጽ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የታሰረበትን ቀን፣ ዐሥሩን ቀን፣ ሠላሳውን ቀን፣ ሁሉንም በሥርዓቱ ጻፍኩ። ከዚያ በቀኝ ጆሮው አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰማኝ።

«ማሎ፣ እባክዎ እንደገና።»

ደግሜ አነበብኩለት።

«ያቺ ነገር የለችበትም?»

«የቷ?»

«በማናቸውም ምክንያት የምትለዋ።»

«የለችበትም» አልኩ። ከዚያ በኋላ ልይዘው አልቻልኩም። «እሷን የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ፊቴን አላየም፤ እጄን ነበር የሚያየው። አፈርኩ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ዱጋ?» አለ።

«እውነቴን ነው።»

«ባለቤቱ ጻፍ ብሎህ ነው?» ጋሼነቴ እዚያ ላይ ቀረ።

«አይደለም። እኔው ነኝ የጨመርኩት።»

«እሱንም ጻፈው» አለኝ። «እዚሁ ላይ።»

በእኛ ሙያ ሰው በገዛ ውሉ ላይ አይመሰክርም። የመሰከረ ዕለት በከተማው ያለ ነጋዴ ሁሉ ይሸሸዋል። ደግሞም እስረኛ ነኝ፤ ስሜ ያለበት ወረቀት ከዚያ በር ሲወጣ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም አላውቅም። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እሱ አልወተወተኝም። ከታች ጨመርኩበት፦ «ይህን ውል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አንቀጽ ዘጠኝ ከሕግ ጋር ስለሚቃረን አይጸናም።» ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ።

እሱም እስክሪብቶውን ተቀብሎ አውራ ጣቱን እስኪጠቁር ድረስ ቀባ። በምርመራው ቃል ላይ እጁን ጠምዝዘው ነበር ጣቱን ያስረገጡት። አሁን ቀስ ብሎ፣ ራሱ ቦታውን መርጦ አሳረፈ።

ሳጅኑ ቆሞ አነበበው። «ስምህን ጽፈህ ልታስወጣው ነው? ሠራተኛ ያነሳሳል ቢሉህስ?»

«ይውጣ» አልኩ።

አጥፎ የቡሬው ሰው ሚስት ምግብ ባመጣችበት ፌስታል ውስጥ ከተተው። «እኔ አላየሁም» አለ።

ያን ቀን የቡሬው ሰው ምሳውን ጀርባውን ሰጥቶኝ ለብቻው በላ። በማግስቱ ግን መጥቶ ቀኝ ጎኑን ወደ እኔ አድርጎ ተቀመጠ።

ደብዳቤው በዘጠነኛው ቀን ቡሬ ደረሰ። ባለቤቱ አንብቦ ኪሱ ከተተው አሉ። እኔ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ተፈታሁ። እሱ የተፈታው በሠላሳ አራተኛው ነው።

የስንብት ደብዳቤው ከመፈታቱ በፊት፣ በሠላሳ አንደኛው ቀን ተጽፎ ነበር። ባለቤቱ የሠራተኛ ሕግ ገልጦ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሠላሳ ቀን የሚባል ነገር መኖሩን የተማረው ከእኔ ካርቶን ላይ ነው። እኔ ከጻፍኩት የታሰረበት ቀን ተነስቶ ቆጠረ። ስንብቱን አስመጥቼ አየሁት፤ እኔ ብጽፈው እንኳ ከዚያ አላሳምረውም። ሽማግሌዎቹ ኋላ ቢሄዱ «ሕጉ ነው፣ የሕግ ሰውዬው ራሱ ጽፎታል» ብሎ መለሳቸው።

ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን መቱ ቢሮዬ መጣ። የጆንያ አቧራ ልብሱ ላይ ነበር፤ የጭነት ሥራ ጀምሯል። «ይቀመጡ» ብለው አልቀመጥ አለ።

«ያኔ ሽማግሌ ልከው ቢሆን ኖሮ…» አልኩት።

«ምናልባት» አለ። «ግን ምን እንደሚል አውቄ ጣቴን ያሳረፍኩበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ሊያጽናናኝ ነው ብዬ ልቀበለው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

አሁንም ውል እጽፋለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። አንቀጽ ዘጠኝን ከሁሉም ውሎቼ አውጥቼ ስለ እስራት ሕጉ የሚለውን በቦታው አግብቻለሁ። በዚህ የተነሳ የሸሹኝ ደንበኞች አሉ። ሠራተኛው ራሱ ካልመጣ አላስፈርምም፤ ሲመጣም በአማርኛም በኦሮምኛም ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሠላሳ ቀን የሚለው ቦታ ስደርስ ድምፄ ይወርድብኛል። «አልሰማሁም» ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ።