ለቃለ መጠይቅ የተዋስኩት ጫማ

ከጦርነቱ ሽሽት ወደ መርሳ ስንመለስ ቤታችንን ያገኘነው በሩ ተገንጥሎ ነው። አልጋውም ድስቱም ልብሱም የለም። እኔ የቀረኝ እግሬ ላይ የነበረው ኮንጎ ጫማ ብቻ ነበር፤ እሱም ወደ ደሴ ስንሸሽ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ አስሬዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ወልድያ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩት ጥሪ ነው። አጎቴ ሸሚዙን ሰጠኝና፣ ጠያቂዎች ሰው የሚያዩት ከእግሩ ጀምረው ነው፣ በጫማ ነገር እንዳትቀልድ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

በገበያ ቀን ወጣሁ። ሸራ ላይ የተከመረ ልባሽ ጫማ አገኘሁ። ከየሰው ቤት የወጣ ነው እየተባለ ይታማል። አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ አንሥቼ ውስጡን ሳየው የሰው አውራ ጣት ጎድጉዶ ቀርቶበታል። አጠገቤ አንዲት ሴት ክምሩን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ቁጥር አትጠይቅም፣ ዋጋ አትጠይቅም። የምትፈልገው የምታውቀውን ጫማ መሆኑ ሲገባኝ በእጄ የያዝኩትን መልሼ አስቀመጥኩና ወደ ቤት ሄድኩ።

ባዶ እጄን መመለሴን እናቴ ለጎረቤታችን ነገረቻቸው መሰለኝ፣ ማታውን አስጠሩኝ። የእሳቸው ልጅ ጓደኛዬ ነበር። አብረን ተምረን በአንድ ቀን ተመርቀናል። ውጊያው ሲቃረብ ዱቄት ላምጣ ብሎ ግራና በምትባለው ከተማ በኩል እንደወጣ አልተመለሰም። ቤተሰቡ ሲሸሽ እኚሁ እናቱ ለምርቃቱ የገዛውን ጫማ በፕላስቲክ ጠቅልለው ጓሮ ቀብረውት ስለነበር ከዝርፊያው የተረፈው እሱ ብቻ ነው። አሁን አውጥተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ካልሲው እንኳ እንደታጠፈ ውስጡ ነበር።

እንዴት ብዬ አደርገዋለሁ፣ አይሆንም አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ሲመጣ ትመልስለታለህ። እሱ ቢኖር አይሰጥህም ነበር?»

ካልሲውን ግን አውጥተው አስቀሩት።

ጫማው በአንድ ቁጥር ይሰፋኛል። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት። ተረከዙ ላይ ብረት አስመትቶበት ስለነበር ስራመድ ድምፁ የእኔ አይመስልም፤ የእሱ አረማመድ ነው። ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ በመንገዱ ዳር የተቃጠለ መኪና አየንና ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ እግሬን እያየሁ ሄድኩ።

በቃለ መጠይቁ ክፍል ጠረጴዛ አልነበረም። ሦስቱ ጠያቂዎች የተቀመጡት ከየቦታው በተለቃቀመ ወንበር ላይ ነው። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ኮትና ከረባት አድርገዋል፤ እግራቸው ላይ ያለው ግን ነጠላ ጫማ ነው። ጎናቸው ያለችው ሴትም ኮንጎ አድርጋለች። ሁሉም እግሬን አዩ። እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። በተዘረፈ ከተማ ውስጥ እንደዚያ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፤ የመለስኩትን አላስታውስም። በኋላ ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አጠፉና፣

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይህን ጫማ ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

«የጓደኛዬ ነው።»

«እሱስ የት ነው?»

«ሞቷል» አልኩ።

ሞቷል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያንን ቃል እስከዚያች ሰዓት በሐሳቤ እንኳ አላልኩትም። ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። ሰብሳቢው ነፍስ ይማር ብለው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቁ አሰናበቱኝ። ደረጃውን ስወርድ አንድ ሰው የገደልኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

መርሳ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጎረቤታችን ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ምስር ይለቅማሉ። የእርምጃዬን ድምፅ ሲሰሙ ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«መጣህ?» አሉ ሳይዞሩ።

ዞረው ሲያዩኝ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ምን አሉህ ሲሉኝ፣ ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን እየፈታሁ ጫማውን ወደውታል አልኳቸው።

«ሲመጣ እነግረዋለሁ» አሉ።

ከሳምንታት በኋላ ሥራውን አገኘሁ። በዚያው ወር ከግራና ወዲያ ማዶ አንድ ገበሬ መጡ። መንገድ ዳር ወድቆ ያገኙትን ወጣት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው እንደቀበሩት፣ ሸሚዙም ምን ዓይነት እንደነበረ ለጓደኛዬ እናት ነገሯቸው፤ ኪሱ ውስጥ የተገኘውንም ቁልፍ ሰጧቸው። ቁልፉ የቤታቸው ነበር።

በሰደቃው ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰዉ ቀለል ሲል ወልድያ ላይ ያልኩትን ነገርኳቸውና ይቅር እንዲሉኝ ለመንኩ።

«ያን ቀን ስትመለስ አውቄው ነበር» አሉኝ። «ዓይኔን ማየት አቅቶህ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

ሰው እየገባ ነበርና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ ጥቂት ቀን እንዲቆይልኝ ብዬ ነው» አሉ።