ለገዛ አባቴ ሽማግሌ የላክሁበት ጉዞ

ከካልጋሪ ስነሳ የመኪናዬን የኋላ ወንበሮች አውልቄ ጋራዥ ውስጥ ትቻቸው ነበር። ለአባቴ ሻንጣዎች፣ ለቴሌቪዥናቸውና ካለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም ለሚሉት ወንበራቸው ቦታ መኖር አለበት። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ዴንቨር እቅፍ ውስጥ ባለችው በትንሿ ግሌንዴል ብቻቸውን ይኖራሉ። ይዣቸው ልመለስ ነው የምሄደው። የካናዳ መግቢያ ወረቀታቸው ተጠናቋል፣ ምድር ቤት ያለው ክፍል ቀለም ተቀብቷል፣ ባለቤቴ ብሩክ አልጋውን ገጣጥሞ ጨርሷል። የቀረው የእሳቸው እሺታ ብቻ ነበር። በስልክ ስጠይቃቸው "ነይና እንነጋገራለን" ስላሉኝ እኔ እንደ እሺ ቆጠርኩት።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በኢንተርኔት የአማርኛ ፕሮግራም አለኝ። የፕሮግራሜ ጉዳይ የምኖርባት የካናዳዋ አልበርታ ክፍለ ሀገር መንግሥትና መሪዎቹ ናቸው። የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ እንደ ሠርገኛ ይበትናሉ፣ ሲወርድ በነርስና በአስተማሪ ላይ ቀበቶ ያጠብቃሉ እላለሁ። የጤናውን መሥሪያ ቤት ያፈርሳሉ፣ መልሰው ይገነባሉ፤ በሽተኛው ግን ያው መጠበቂያ ወንበሩ ላይ ነው። ከኦታዋው ማዕከላዊ መንግሥት ጋር ሲጣሉ ሥራ የሠሩ ይመስላቸዋል። ተቃዋሚዎቹንም አልምራቸውም፤ መቃወሙን ያውቁበታል እንጂ ቢመረጡ ምን እንደሚያደርጉ ለመናገር አንደበታቸው ይያዛል። አድማጮቼ ብዙ አይደሉም፤ ታማኝ ግን ናቸው።

ወደ ደቡብ

ሌዝብሪጅን አልፌ ድንበሩን በሰላም ተሻገርኩ። ሞንታና ሜዳ ነው፤ ሣር፣ አጥር፣ ከብት፣ እንደገና ሣር። ቢሊንግስ ከአንድ ርካሽ ሞቴል አደርኩና ጠዋት በቀዘቀዘ እንቁላልና በቡና ስም በሚሸጥ ሙቅ ውኃ ተሸኘሁ። ዋዮሚንግ ስገባ ንፋሱ ባዶውን መኪናዬን ከመስመር መስመር ይገፋው ጀመር። ካስፐር ላይ ነዳጅ ስቀዳ አንድ ባርኔጣ ያጠለቀ ሽማግሌ ታርጋዬን አይቶ ጠጋ አለኝ።

"ከአልበርታ ነሽ? ከካናዳ ልትገነጠሉ ነው አሉ?"

"አንዳንዶቹ ያወራሉ" አልኩት። "እኔ እንኳ ከአባቴ ተነጥዬ መኖሩ አቅቶኝ ልወስዳቸው እየሄድኩ ነው።"

ሳቀና የመኪናዬን መስታወት ሳልጠይቀው ወለወለልኝ። በቅዳሜው ፕሮግራሜ ስለ መገንጠል ወሬ ብዙ ጊዜ በንዴት ተናግሬያለሁ፤ በሳቅ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ሻየንን ካለፍኩ በኋላ ተራሮቹ በቀኜ ብቅ አሉ፤ አናታቸው ላይ በረዶ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ መኪና ብቻ ነው።

ግሌንዴል

አባቴን በአፓርታማቸው ፓርኪንግ ውስጥ፣ አንድ ባዶ ቦታ መሃል ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቦታ ይዘውልኝ ነው። አንድ ወጣት ከመኪናው ሆኖ ጥሩምባ ይነፋባቸዋል፤ እሳቸው በእጃቸው ቆይ፣ ልጄ እየመጣች ነው ይሉታል። ፓርክ አድርጌ ስወርድ ሁለት ጊዜ ጉንጬን ሳሙኝና ለሦስተኛው አንገቴን አቅፈው ቆዩ። ከስተዋል።

ፓስታ ሠርተው ነበር። ስንበላ ዓይኔን በክፍሉ አዞርኩ፤ አንድ ነገር እንኳ አልተነሳም።

"አባባ፣ ሻንጣዎቹ የታሉ?"

"የምን ሻንጣ?"

"ነይና እንነጋገራለን ብለውኝ አልነበር?"

"ታዲያ እየተነጋገርን አይደል?" አሉና ፓስታ ጨመሩልኝ። ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኢመርጀንሲ የገባ ሰው ሌሊቱን ወንበር ላይ ያድራል ያልሽው አንቺ ነሽ። ፋሚሊ ዶክተር ማግኘት ሎተሪ ነው ያልሽውም አንቺ ነሽ። እኔ እዚህ ሐኪሜ በስሜ ትጠራኛለች። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ልባል ነው?"

ስንት የመንግሥት ቃል አቀባይ በፕሮግራሜ ላይ አፋጥጫለሁ፤ በገዛ ወሬዬ ያፋጠጠኝ ግን አባቴ ነው። ተናደድኩ፣ አፈርኩም። ሳህን እያጠብኩ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሰው በልመና እሺ ካላለ ሽማግሌ ይላክበታል። ልጅ ለአባቷ ሽማግሌ ስትልክ ሰምቼ አላውቅም፤ ክልክል ነው ሲባልም አልሰማሁም።

ኢስት ኮልፋክስ

በማግስቱ ለአባቴ ሱቅ እሄዳለሁ ብዬ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሁለቱን ወዳጆቻቸውን ቀጠርኩ። ጋሽ ወርቁ ድሮ ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። እትዬ ጽጌ ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ጡረታ የወጡ ጴንጤ ናቸው፤ አባቴና ጋሽ ወርቁ ኦርቶዶክስ። እንዳይጣሉ ሃይማኖት አያነሱም፤ በእሱ ፈንታ ፖለቲካ ያነሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱም አጠገብ ባለችው አውሮራ ጋሽ ወርቁ ቤት ተሰብስበው የእኔን ፕሮግራም ይሰማሉ። አባቴ ከግሌንዴል በመኪናቸው ይሄዳሉ።

ሽሮና ጥብስ አዘዝኩ፤ ጥብሱ ከካልጋሪው ይረክሳል፣ ቃሪያውም ያቃጥላል። ጉዳዬን ነገርኳቸው። እትዬ ጽጌ ጉርሻቸውን አቆሙ።

"ሽማግሌ እኮ የሚናገረውን ማመን አለበት፣ ሶስና። መንግሥቱን ልክ ልኩን ስትነግሪው ቁጭ ብዬ አጨብጭቤያለሁ። ሹም ለሹም ይጎራረሳሉ እያልን። አሁን ተነስቼ አባትሽን ደምሴን እዚያ ሂድ ብዬ ልምከረው?"

ስለዚህ ያን ምሳ የመንግሥት ጠበቃ ሆኜ ዋልኩ። ልጄ ጊዜው ሳይደርስ እንደተወለደ፣ ስንት ሳምንት በማሞቂያው መሣሪያ፣ በኢንክዩቤተር፣ እንደኖረና ከሆስፒታሉ ስንወጣ ከኪሳችን የከፈልነው የፓርኪንግ ብቻ እንደነበረ ነገርኳቸው። ድምፄን የነፈግኩት የምክር ቤት አባል ስለ ጎረቤቴ የጤና ካርድ ስደውልለት በዚያው ቀን መልሶ እንደደወለልኝም አወራሁ።

"እኔ የምጮኸው" አልኩ፣ "ያ ሁሉ እንዳይበላሽብኝ ነው። የማልወደውን ቤት ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ አልጮህም።"

"ኢንክዩቤተሩን በፕሮግራሙ ላይ አልሰማሁትም" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ደህና የሆነ ነገር ወሬ አይሆንማ፣ ጋሼ።"

"ለሩቅ ሰው ይሆናል። ለአባት ደግሞ በደንብ ይሆናል።"

እትዬ ጽጌ በዚህ ተሸነፉ። ጋሽ ወርቁ ግን ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "ካልሽ እሺ። ሽማግሌ ሁን ከተባልኩ የላከኝን ሰው ጉዳይ ነው የምናገረው፤ የራሴን ጉዳይ አላነሳም" አሉኝ። የራሳቸው ጉዳይ ምን እንደሆነ ብጠይቅ ጥሩ ነበር። ደስታዬ አላስጠየቀኝም፤ ሂሳቡን ከፍዬ ሁለቱንም እጅ ነሳሁ።

ሽምግልናው

ከሰዓት በኋላ የአባቴን በር አንኳኩ። ጋሽ ወርቁ ኮትና ከረባት አድርገዋል፣ እትዬ ጽጌ ነጠላ ለብሰዋል። አባቴ ከፍተው ሲያዩአቸው ግራ ገባቸው።

"ምነው ዛሬ? ግቡ፣ ቁጭ በሉ!"

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ እትዬ ጽጌ።

አባቴ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ገባቸው። እሳቸውም ወንበራቸው አጠገብ ቆሙ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነኝ።

እትዬ ጽጌ የነገርኳቸውን አንድም ሳያስቀሩ አቀረቡ፤ እንዲያውም ከእኔ አሳምረው። ስለ ክፍሉ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ልጅ ልጃቸው። ተራው የጋሽ ወርቁ ሆነ።

"ደምሴ" አሉ። "ልጅህ ልካን መጥተናል። አባት ልጁ ዘንድ ማረፉ ወግ ነው። ብቻህን ነህ። በረዶ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል? እኔ እንደሆነ አላይህም።" ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "እኛን አትይ። እኛ እንደምንም... እኔ ሐኪም ቤቱን በቫን እሄዳለሁ፣ የሚያደርሱ አሉ አሉ። ሂድ። እባክህ ልጅቷን እሺ በላት።" የመጨረሻው ቃል ላይ ድምፃቸው ከዳቸውና ምርኩዛቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

ያኔ ነው የገባኝ። የላክኋቸው ሽማግሌ አባቴ ቢሄዱባቸው የሚጎዱት ሰው ናቸው። ወጉ አስሯቸው ወዳጃቸውን ከቤቱ ሂድልኝ እያሉ ይለምናሉ። ለእኔ ብለው።

አባቴ አቀረቀሩ። እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ይዟል። በኋላ "እናንተ ቤቴ ቆማችሁ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም" አሉ። "እንግዲህ ሽማግሌ አላሳፍርም፤ ካላችሁ..."

አሸንፌ ነበር። አንድ ቃል ነው የቀረኝ። ይሁንና እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ በእናቴ ቀብር ቀን እንኳ ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት።

"አባባ፣ ይቅር" አልኩ። "ሽማግሌዎቼን መልሻለሁ።"

እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን አወረዱ። "ሊሰጥሽ ሲል? እንዲህ ያለ ሽምግልና ከተፈጠርኩ አላየሁም!"

"እባካችሁ ቁጭ በሉ" አልኳቸው። ማልቀሴን ያወቅኩት ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ስለ መንግሥትሽ ያልኩት ሰበብ ነው" አሉኝ። "ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው። መንግሥት ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?"

ሁለታችንም ሳቅን።

"ለክፍለ ሀገርሽ መሪ ለፕሪሚየሩ መጥፎ ነገር ተመኝቼም አውቃለሁ፤ ልጄን ያናድዳታል ብዬ። እንጂ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ ለእኔ ምኔ ነው? ጉንፋን መያዝሽን የማውቀው ቅዳሜ ነው፤ በድምፅሽ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ዘንድ ብመጣ ትጦሪኛለሽ፣ አውቃለሁ። እዚህ ግን ወርቁን ሐኪም ቤት ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ። እናትሽ ጋ እሑድ የምሄደው እኔ ነኝ። ሰው ሲጠብቀኝ ነው ጠዋት የምነሳው፣ ልጄ።"

አውሮራና መንገድ

በመሄጃዬ ጠዋት አውሮራ ወዳለው መካነ መቃብር ወሰዱኝ። ድንጋዩን በጨርቅ ጠረጉ፤ ለእናቴ "ሶስና መጥታለች" አሏት፣ ገና ከሥራ እንደገባች ሁሉ። ቀጥለው አጠገብዋ ያለውን የአንድ የማያውቋቸው ፈረንጅ ድንጋይም ጠረጉ። "የሚጠይቃቸው አላየሁም" አሉኝ። ከዚያ ጋሽ ወርቁን ለማድረስ ሰዓት ደረሰባቸውና ቸኮሉ። ስሜያቸው ስለያይ መኪናቸውን ቀድመው ያስነሱት እሳቸው ናቸው።

ዋዮሚንግን፣ ሞንታናን በባዶ መኪና አቋረጥኩ። ንፋሱ እንደዚያው ነው። መንግሥቴን መውቀሴን አልተውም፤ ወንበር ላይ የሚያድር በሽተኛ እስካለ ድረስ እጮሃለሁ። ግን የምወደውን ደብቄ የሚያስጠላኝን ብቻ ማውራት ውሸት ባይሆንም ከእውነት ጎደሎ መሆኑን ከሁለት የኮልፋክስ ሽማግሌዎች ተምሬያለሁ። ከአባቴ የተማርኩት ይበልጣል፤ ስጨነቅላቸው የኖርኩት እኔ በሌለሁበት ብቻቸውን ናቸው ብዬ ነበር።

ካልጋሪ ስደርስ ገና ፀሐይ ነበር፤ ለባለቤቴ ደውዬ ምንም አልነገርኩትም። ብሩክ የመኪናዬን ድምፅ ሰምቶ የአባቴን ወንበር ሊያወርድ የሥራ ጓንቱን እያጠለቀ ከጋራዥ ወጣ። የኋላውን በር ከፈተና ባዶውን መኪና አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"አባባስ?"

"ቤታቸው ናቸው" አልኩት።