የሱመያን ዛፎች ያስቆረጠችው ጓደኛዬ ናት

ዛሬ ልጄን ሱመያን ከትምህርት ቤት ልወስድ ስሄድ፣ ከክፍሏ ጎን የነበሩት ዛፎች በሙሉ ተቆርጠው መሬት ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው።

እዚህ ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ካሉት ትምህርት ቤቶች ይሄንን የመረጥነው ለእነዚያ ዛፎች ብለን ነበር። ሱመያ ሐሳቧ ቶሎ ይበተናል፣ አንድ ነገር ላይ መቆየት ያቅታታል። ጠዋት ዛፎቹ ሥር ስትጫወት ከቆየች ግን ክፍል ገብታ ረጋ ብላ ትማራለች። አስተማሪዋም ይህንኑ ነው የምትነግረኝ።

"ማነው ያስቆረጠው?" ብዬ ርዕሰ መምህሯን ጠየቅኳት።

"የወላጆች ተወካይዋ ናት። ለመኪና ማቆሚያ ይሁንልን ብላ ለመነችን" አለችኝ።

ተወካያችን ዘይነብ ናት። ጓደኛዬ! ስለ ሱመያ እያለቀስኩ ያወራኋት፣ ተወካይ ትሁን ብዬም እኔው እጄን ያወጣሁላት።

ደወልኩላት።

"ወላሂ፣ መኪናው በፀሐይ ነደደብን እኮ! ሱመያን ደግሞ ሐኪም አሳዪያት፣ ኸላስ፣ በቃ" አለችኝ።

መኪናዋን እንኳን ደስ አለሽ በሉልኝ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሊሠራላት ነው።

ሱመያ ቤት ገብታ ደብተሯን ከፈተችና ወዲያው ብድግ አለች። ዛሬ "ተቀመጪ" ማለቱን ትቼ ደብተሯን ራሴ ዘጋሁላት።

እስኪ እናቶች፣ የልጃችሁን ችግር አምናችሁ የነገራችሁት ሰው እንዲህ ጨክኖባችሁ ያውቃል? እንዴት አለፋችሁት?