ሰባ ሦስት ኪሎ እና የአክስቴ «በሞቴ»

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ጉሙ መንገዱን ሳይለቅ ነው። የጉዞዬ ምክንያት ታናሽ ወንድሜ ዳግም ነው። አዲስ አበባ ላይ ከብዙ አገር የመጡ ስፖርተኞች በየዓይነቱ የሚፎካከሩበት ዓለም አቀፍ ጨዋታ ተዘጋጅቷል፤ ዳግም ደግሞ በወንዶች ጁዶ፣ ከሰባ ሦስት ኪሎ በታች በሚባለው ቀላል ክብደት ለአገሩ ተመርጧል። ጁዶ ከጀመረ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ከቤተሰባችን ግን አንድም ሰው ሲወዳደር አይቶት አያውቅም። እናታችን ጉልበቷ መንገድ ስለማይችልላት «ሂጂና በእኔ ዓይን እዪልኝ» ብላ ላከችኝ።

መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው።

«ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚሮጠው?»

«አይሮጥም አባባ። ትግል ነው፤ ጁዶ ይባላል።»

«ተይ እንጂ! ሩጫው ምን አደረገው?»

ይህን ጥያቄ ዳግም ከጀመረበት ቀን አንስቶ ሲጠየቅ ኖሯል፤ አሁን አሁን «አስም አለብኝ» እያለ ነው የሚገላገለው።

ሸኖ ላይ መኪናው ቆመ። ባዶ እጅ አክስት ቤት አይገባም፤ ወርጄ አንድ ኪሎ ቅቤ ገዛሁ። ዋጋው ከሺህ ብር አልፏል፤ ሻጭዋ «እንደ ልጄ አይቼሽ ነው» ብላ ሃምሳ ብር ቀነሰችልኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰንዳፋ ድረስ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ከለገጣፎ ጀምሮ ሜዳው ያልቅና ፎቅና ጅምር ፎቅ ይተካል። ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ቀርቶ ነበር። ቅቤዬን አቅፌ ወረድኩ።

ሳሊተ ምሕረት

አክስቴ የሺ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ሳሊተ ምሕረት ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ትኖራለች። ዳግም ኮሌጅ ሲማር ሁለት ዓመት የኖረው እሷ ቤት ነው። ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል፤ የድስቷ መጠን ግን ያኔ እንደነበረው ነው። ቅቤውን ስታይ አሸተተችውና «ይኼ ለማታ ነው» አለች። ዶሮዋ ጠዋት ታርዳለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ስፖርተኞቹ ወዳረፉበት፣ አትላስ አካባቢ ወዳለ ሆቴል ሄድን። ሚዛን የሚወጡት እዚያ ነው። በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ሲወጣ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

«ሰባ ሁለት ከዘጠኝ!» አለና አቀፈኝ።

አክስቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። «ይኼ ሰውነት ነው? ምን አደረጉብኝ ልጄን?»

አብሮት የወጣው አሰልጣኙ ቆብ የደፋ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እራት አብሮን እንዲበላ ፈቀደ፤ ግን ጣቱን አነሳ። «ነገ ጠዋት ከውድድሩ በፊት በዕጣ የሚጠሩ አሉ። የተጠራ ሰው ድጋሚ ይመዘናል፤ ከምድቡ ክብደት አምስት በመቶ በላይ ጨምሮ ከተገኘ ይሰረዛል። ሰባ ስድስት ከስድስት፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቤት ነው።»

«ሦስት ኪሎ ተኩል በአንድ ማታ ማን ይበላል?» አለ ዳግም እየሳቀ።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሦስት ኪሎ ተኩል ስንት ጉርሻ እንደሆነ ግን አስልቼ አላውቅም።

እራቱ ላይ የሸኖው ቅቤ ከዶሮው ጋር ቀረበ። ዳግም መጀመሪያ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጨለጠ፤ ከዚያ ሲርበው እንደከረመ ሰው በላ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከትሪው እጁን ሲያነሳ ነው ነገሩ የጀመረው።

«በቃኝ አክስቴ። ነገ ውድድር አለብኝ እኮ።»

«ለዚህ ነዋ የምትበላው! ባዶ ሆድ ይታገላል? እንካ፣ በሞቴ!»

ጎረሰ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ጎረሰ። ቀጥሎ የእንቁላሉ፣ ቀጥሎ የእግዚአብሔር፣ ቀጥሎ እዚህ የሌለችው የእናታችን ድርሻ መጣ። «በሞቴ» ከተባለ ወዲያ መውጫ የለም፤ ወይ ትጎርሳለህ፣ ወይ አክስትህን ገድለህ ትሄዳለህ። እኔም ሳቅኩ እንጂ አላስጣልኩትም።

አትላስ፣ ጠዋት

ስነቃ አክስቴ ገንፎ አገንፍታ፣ ቅቤና በርበሬውን መሐሉ ላይ አድርጋ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከድና፣ በፎጣ ጠቅልላ ጨርሳለች። ጋቢዋን ደርባ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ታክሲ ውስጥ ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን ይዛው ነበር። ማታውኑ የተመለሰው ዳግም የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ወንበር ላይ ተቀምጦ በላ። ግማሹን ሲያጋምስ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ አክስቴ አየሁ፤ አክስቴ ወደ ገንፎው አየች። ጨረሰ።

አዳራሹ ከሆቴሉ ሩቅ አይደለም። ገብተን ገና ወንበር ሳንይዝ ዕጣው ወጣ፤ ከምድቡ ከተጠሩት አንዱ ዳግም ነው። አሰልጣኙ ይዞት ገባ። ሲመለሱ የአሰልጣኙ ቆብ እጁ ላይ ነበር።

«ሰባ ሰባት ከሁለት» አለ። «ስድስት መቶ ግራም። የሚዛኑ ክፍል ሊዘጋ አንድ ሰዓት አልቀረውም።» ከዚያ ዳግምን ትከሻውን ያዘው። «ምንድን ነው የበላኸው? ንገረኝ፣ ምንድን ነው?»

ዳግም ወለሉን አየ። አክስቴን አላየም፤ ሆን ብሎ ነው ያላየው። እሷ ግን ገባት።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሁት። እኔን መዝኑኝ!» ብላ አለቀሰች። እኔም ፈራሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የለፋበት ነገር አንድ ምሳ ዕቃ ገንፎ ላይ ሊያልቅ ነው።

አሰልጣኙ ከቦርሳው የዝናብ ልብስ፣ የላስቲክ፣ አውጥቶ አለበሰው፤ አንድ ማስቲካ አፉ ውስጥ አደረገለት። «እያኘክህ ምራቅህን ትፋ። ሩጥ!»

ከአዳራሹ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ይሮጥ ጀመር። ደግሞ ዝናቡ ጀመረ። በዚያ ብርድ ላብ ከየት ይመጣል? ሁለት ዙር ሮጦ ግንባሩ ደረቅ ነበር። አክስቴ ይህን ስታይ እንባዋን ጠርጋ መንገዱ መሐል ገባችና አስቆመችው። ጋቢዋን አውልቃ፣ የላስቲኩን ልብስ ገልጣ፣ ደረቱና ጀርባው ላይ አራት እጥፍ አድርጋ ጠመጠመችለት፤ ላስቲኩን መልሳ ዘጋችበት።

«አሁን ሂድ» አለችው። ራሷ በቀሚስ ዝናብ ላይ ቆማ ቀረች።

በሦስተኛው ዙር ፊቱ ወረዛ፤ በአራተኛው ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ጀመር። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያል። አንድ ጎልማሳ ከሱቅ በረንዳ ላይ ሆኖ «አይዞህ ጀግና! ማራቶን ነው?» ብሎ ጮኸ። ዳግም ምራቁን ተፋና «አዎ!» አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዎ አለ።

ተመልሶ መጀመሪያ ሲመዘን ሚዛኑ ሰባ ስድስት ከዘጠኝ አለ። መጸዳጃ ቤት ገባ፤ ተመልሶ ወጥቶ ሮጠ። ክፍሉ ሊዘጋ ሲል ልብሱን በሙሉ አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ። እኛ በር ላይ ነን፤ የሰማነው የአሰልጣኙን ድምፅ ብቻ ነው።

«ሰባ ስድስት ከስድስት! ውረድ፣ አትተንፍስ!»

አክስቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ጠባቂው ሲያያት መልሳ ዘጋችው።

ምንጣፉ

የመጀመሪያ ተጋጣሚው ከእሱ በጭንቅላት የሚረዝም ልጅ ነበር። ሁለቱ እጅ ነሱና ተያያዙ። እኔ ስለ ጁዶ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ዳግም ድንገት ዞሮ ከልጁ ብብት ሥር ሲገባ፣ ልጁ በትከሻው ላይ አልፎ በጀርባው ሲያርፍና ዳኛው እጁን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳ ግን አየሁ። አለቀ። ኮራሁ፤ ለእናቴ አይቼላታለሁ።

በሁለተኛው ግጥሚያ ጊዜው እየገፋ ሲሄድ እግሩ ከዳው። ተጋጣሚው መሬት ላይ ይዞት፣ ሊነሳ ሞክሮ አልቻለም። ተሸንፎ ወጣ። ጠዋት መንገድ ላይ የቀረው ጉልበት ይሁን ወይስ ያኛው ይበልጠው እንደሆን ጠየቅኩት። «ይበልጠኛል» አለና አክስቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ትንሽ ግን ሩጫውም አለበት።»

መልስ

ማታ ሳሊተ ምሕረት ተመለስን። ትሪው ቀረበ። አክስቴ ጠቅልላ፣ ወጥ አስነክታ፣ እጇን አነሳች፤ ከአፉ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ።

«ነገ ሚዛን አለ?»

«የለም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«የለም አክስቴ። አልቋል።»

«ማልልኝ!»

«አክስቴ ትሙት የለም።»

«እንግዲያው በሞቴ!» አለች። ጎረሰ፤ ከዚያ እሱም ጠቅልሎ አጎረሳት። እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

በማግስቱ ከላምበረት ተሳፈርኩ። መንገዱ ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ይህን ነው፤ ወንድሜ ከእሱ የሚረዝመውን ሰው አንስቶ መጣል ይችላል፤ አክስቱን እምቢ ማለት ግን አልተማረም፤ የሚያስተምረውም አሰልጣኝ ያለ አይመስለኝም። ቢኖር እንኳ እንዲማር የምፈልግ መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። ሸኖ ላይ መኪናው ሲቆም ሴትዮዋ ለየችኝና ቅቤዋን አሳየችኝ። «በቃኝ» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩን ከፈተች። አሸነፈ ወይ፣ ተሸነፈ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«በልቷል?» አለችኝ።

«በልቷል፣ እማዬ» አልኳት። እስከ ግራሙ ድረስ ልነግራት እችል ነበር።