አባ ጨጓሬ የሰፈረበት ብርብራ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዲላ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር አረፍ ብለን ሳለ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት አንገቷ ላይ የወደቀባትን ነገር ልትጠርግ እጇን ሰነዘረች። ሳላስበው እጇን ይዤ አስቀረኋት። አባ ጨጓሬ ነበር። በጭራሮ አንሥቼ ጣልኩላት። «እማማ፣ ለካ እንዲህ ጉልበት አለዎት» ብላ ሣቀች። እኔ ግን ልቤ ሩቅ ሄዶ ነበር።

ጣሊያን ሲገባ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባታችን ሞቶ ስለነበር እናቴ የዲላውን ሱቅ ዘግታ ኢዲዶ አጠገብ ወዳለችን ትንሽ የቡና ማሳ ይዛኝ ወጣች። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ዘምቶ ቆይቶ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር ጭኑን ቆስሎ፣ ጠመንጃውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ መጣ። መሣሪያ ያለው ያስረክብ ሲባል አሻፈረኝ አለ። ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ባንዶች ቤት ለቤት መፈተሽ እንደጀመሩ የነገረችን ጎረቤታችን ዳራርቱ ናት፤ ባሏን በዚያው ዘመቻ ያጣች የጌዴኦ ሴት። እናቴ ወደ ደጋው፣ ወደ ቡሌ እንውሰደው አለች። በዚያ እግሩ ግን ዳገቱን እንዴት ይወጣዋል? እኔ የዳራርቱን የታችኛውን ማሳ አሰብኩ። ለቡናው ጥላ የሆኑት ትልልቅ ብርብራዎች ላይ በዚያ ዓመት አባ ጨጓሬ ሰፍሮባቸው፣ ሰው ፈርቶ የቀላውን ቡና እንኳ አልለቀመውም ነበር። እዚያ እንደብቀው አልኩ። እናቴ፣ ልጄን ከባንዳ አስጥለሽ ለትል ልትሰጪው ነው ወይ ብላ ተቆጣች። ዳራርቱ ግን «ትሎቹን መለየት ከቻልሽ ይሆናል» አለችኝ።

ያን ዕለት ይዛኝ ወርዳ አሳየችኝ። ጸጉር የሌለው አረንጓዴው ትል ምንም አያደርግም። ጸጉረ ረጅሙ ቡናማ ያሳክካል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። ክፉው፣ ጀርባው ላይ እንደ ብሩሽ የተከረከመ ብርቱካናማ ጸጉር ያለውና ግንድ ላይ በመንጋ ተጣብቆ የሚውለው ነው። የእሱ ጸጉር ጥሎት ከሄደው ቆዳ ላይ እንኳ ይወጋል፤ በነፋስም ይበናል። ግንድ አትደገፊ፣ ከወደቀብሽ አትምቺው፣ የነካሽንም ቦታ አትሺው አለችኝ። ከግንዶቹ ርቀን፣ ቡናው መካከል በእንሰት ቅጠል ዝቅ ያለች ዳስ ሠራንለት።

አንድ ጠዋት ቆጮ ወስጄለት አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ ሁለት ባንዶች ከላይ ወረዱ። መሬት ላይ ተጋደምን። አንደኛው ዛፎቹን አየና፣ እዚህ ሰው አይገባም ብሎ ቆመ። ሌላው ግን ገባ። አጎንብሶ ለማየት ግንዱን በመዳፉ ተደገፈ።

በዚህ መካከል ከዳሱ ጫፍ አንዱ ብርቱካናማ ታደሰ አንገት ላይ ወደቀ። እጁ ሲነሣ በሁለት እጄ ያዝኩት። ቢፈልግ በአንድ መንጨቅ ይጥለኝ ነበር። ትሉ ከአንገቱ ወደ መንጋጋው ወጣ። የወንድሜ ዓይን እንባ ሞላ፤ ትንፋሹን ግን አላሰማም። ባንዳው ግንዱን በተደገፈበት መዳፉ የፊቱን ላብ ጠረገ። ወዲያው ዓይኑን እያሸ መጮህ ጀመረ፤ ጓደኛው እየመራ ወደ ወንዙ ወሰደው። ያን ጊዜ የታደሰን እጅ ለቅቄ፣ ከትሉ ፊት የቡና ጭራሮ ዘረጋሁ። በዝግታ ወጣበት።

ሌላው ጣጣ ከዚያ በኋላ መጣ። የታደሰ አንገት ውኃ ቋጠረ፣ አንድ ዓይኑ እስኪከደን ፊቱ አበጠ። ሳላሸው ውኃ አፈሰስኩበት፤ የሚጣበቅ የቆጮ ሊጥ እየለጠፍኩ እያነሣሁ የትሉን ጸጉር ለቀምኩ። በእንቅልፉ እንዳያክ እጆቹን በቃጫ እንድናስረው የለመነን ራሱ ነው። እናቴ እያለቀሰች አሰረችው። እብጠቱ ጎደለ፣ ጭኑም ዳነ፤ ከዚያ ከነጠመንጃው ወደ ቡሌ ወጣ። የተመለሰው ጣሊያን ከሄደ በኋላ ነው።

ታደሰ ዘመቻውን ሲያወራ ሰው ይከበው ነበር። ያችን ጠዋት ግን ለማንም አላወራትም። አንድ ጊዜ ለምን ብዬ ጠየቅኩት።

«ጥይት ሲመጣብኝ መልሼ እተኩስ ነበር» አለኝ። «እዚያ ግን ምንም አለማድረግ ነበረብኝ። እንደሱ የከበደኝ ነገር የለም።»

እሱ ካረፈ ቆየ። ልጆቹ አሁንም እየመጡ የአባታቸውን ጀግንነት አውሪልን ይሉኛል። ጦርነቱን እነሱም ሰምተውታል። እኔ የምጀምርላቸው ዝም ብሎ ከተጋደመባት ጠዋት ነው።