ከቀዩ ቀለም ሥር

አጎቴ ዳንግላ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ አሮጌ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ለቀስተኛው ስለ ደግነታቸው አወራ፤ እኔ ግን ከዓይኔ የማይጠፋው የመኪና በር ጎማ ገልጠው በጥፍራቸው ቀለም ሲፍቁ ነው። «ፋብሪካው የቀባው እዚህ ሥር ይተርፋል፤ ፀሐይም ሰውም አያገኘውም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከእንጅባራ አንድ ጎልማሳ ከሟች አባቱ የወረሳትን ቀይ ቮልስ ሊሸጥ አስቦ፣ መጀመሪያ ለአጎቴ ሊያሳያት መጣ። አጎቴ የበሩን ጎማ ገልጠው ፋቅ ፋቅ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይቺ ስትሠራ ሰማያዊ ነበረች» አሉት።

ሰውየው የተፋቀውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። «አባቴ እናቴን በሰርጋቸው ቀን በሰማያዊ ቮልስ ነው ያመጣት» አለ። «ሌላ መኪና ይመስለኝ ነበር። ለካ ይቺው ናት።»

መሸጡን ተወው። አጎቴም እንደ ጥንቷ ሊያደርጉለት የሞተሯን ዕቃ ከያለበት መልቀም ያዙ። ሳይጨርሱ ሞት ቀደማቸው።

ከአርባቸው በኋላ ሰውየው ጋራዡ ድረስ መጣ።

«እህቴ፣ የፋብሪካው ካርቡሬተር የትኛው ነው?» አለኝ።

መደርደሪያው ላይ ሁለት አሉ። አንዱ ከመኪናዋ ጋር የተሠራ ነው፤ አንዱ ኋላ የተተካ። አገላብጬ አየኋቸው፣ በነጠላዬ ጠረግኋቸው። ለእኔ ሁለቱም ያው ብረት ናቸው።

«ታዲያ ማንን እንጠይቅ?» አለ።

ዳንግላን በሐሳቤ ዞርኩ፤ እንጅባራ ድረስም ሄድኩ። የምጠራለት ስም አጣሁ።