በዘፈን መሀል የገባው ድምፅ

«ጉም ወርዶ ሸፈነው የምወደውን ጋራ…» ትላለች ውባለም፤ ቀጣዩ ስንኝ ይጠፋባታል። ከንፈሯን ገጥማ ዜማውን ብቻ በአፍንጫዋ ትስበዋለች፣ እንደገና ከጋራው ትጀምራለች። አባቷ በአጨዳ መሀል ሲያንጎራጉረው የሰማችው ነው። እሱ አፈር ከገባ ወዲህ የሚያስታውሳት አላገኘችም።

ሥራዋ ግን ዘፈን ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ከወገዳ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዋ ስትመለስ፣ በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በእናቷ በላቀች ቤት ጣሪያ ላይ ትንሽ ሶላር ሰቀለች። ገበሬው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይመጣል፤ የስልኩን ሚሞሪ ካርድም አውጥቶ «የመሰንቆ ጫኝልኝ፣ ሆድ የሚያባባውን» ይላታል። የደብሩ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ እንኳ ስብከት ሲያምራቸው ካርዳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይልኩላታል።

አንድ ጊዜ ወገዳ ላይ ለወጣቶች ስለ መልካም አስተዳደር ስልጠና ተሰጠ። አሰልጣኙ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ፣ «ስልካችሁ ምስክራችሁ ነው፤ መሪያችሁን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ» አላቸው። ሌሎቹ አበሉን ጠበቁ። ውባለም ቃሉን እንደ ዘፈን ተቀበለችው፤ ጉም የማይሸፍነው አገር ታያት።

ኅዳር ላይ የእርዳታ ስንዴ ለቀበሌው መጣ። ሊቀመንበሩ አበጀ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣ ባሏ የሞተባትን አመተ ማርያምን ሲያናግራት ውባለም ከኋላ ተሰልፋ ነበር። የስልኳን ድምፅ መቅጃ በነጠላዋ ሥር ከፈተችው።

«መጀመሪያ የኔን ጤፍ እጨጅ። ስንዴው የት ይሄድብሻል?»

«ጌታዬ፣ ወገቤን ታምሜያለሁ። ልጆቼ በእህል አምላክ…»

«ወገብሽ ለመብላት ጊዜ አያምሽም?» ከዚያ የአበጀ ሳቅ። ረጅም ሳቅ ነው፣ ጓሮ ድረስ የሚሄድ።

ውባለም ይህን ድምፅ በየሚሞሪው ላይ በሁለት ዘፈን መሀል አስገባችው። ገበሬው በሬውን ፈቶ፣ ጥላ ሥር ተጋድሞ መሰንቆ ሲሰማ፣ ድንገት አበጀ ይመጣበታል። አገሩ በሳቅ ታመመ። አብሯት ተምሮ አብሯት የወደቀው እሱባለው ውድማ ላይ እያበራየ ግጥም አወጣ፦

ስንዴው መጥቶ ነበር በመኪና ተጭኖ፣
አበጀ ተኛበት እንደ ድመት ሆኖ።

«ከጠየቁሽ እኔ አለሁ» አላት። «ሁላችን አለን።»

አንድ ነገር ግን ውባለም አላሰበችም። በዚያ ድምፅ ውስጥ የምትለምነው አመተ ማርያምም አለች። ምንጭ ላይ እንስራዋን ስታዝል ኮረዶቹ ወገባቸውን ይዘው «ጌታዬ፣ ወገቤን ታምሜያለሁ!» ይላሉ። በገበያ መንገድ ጎረምሳው «እትዬ፣ ወገብዎ እንዴት አደረ?» ይላታል። ውባለም ይህን ሰምታ አንዴ አብራ ስቃለች።

አበጀ አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ ድሮ በሬ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል ነበር የሚጠራው፤ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ቤቱ የሚገባ፣ እህል የሚቀምስ የለም። ይኸኛው ስንዴ የከለከለውን አልፈለገም። ድምፅ የቀዳውን ነው የፈለገው፤ ቢጠረጥርም ስሙ ከአገሬው አፍ እንዲወጣ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ። ከሰዓት በጉና ተራራ በኩል ደመና ተነሣ፤ የሁሉም እህል ውድማ ላይ ተበትኗል።

«ጋሼ አበጀ፣ እህላችን ሊበሰብስ ነው!» አለ አንዱ።

«ታዲያ ስም ጥራና ሂዳ። ማን ያዘህ?»

ውባለም ልትነሣ ጉልበቷን ስታጥፍ እናቷ ላቀች ቀሚሷን ጨብጣ ጎተተቻት። «ተቀመጭ። ሞቼ ነው የምትነሽው።» ውባለም እሱባለውን ፈለገችው። ሣር እየነጨ ነበር፤ ዓይኑን ከሣሩ አላነሣም።

አበጀ ቄሱን ወደ መሀል ጠራ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን አወጡ። ያ ድምፅ በእሳቸው ካርድ ላይም፣ ከስብከቱ ቀጥሎ አለ።

«የቀዳውን አውቆ የደበቀ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል… የተገዘተ ይሁን» አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ። መስቀሉን ቶሎ ኪሳቸው ከተው መሬት መሬት አዩ።

ያን ጊዜ አመተ ማርያም ተነሣች። ወገቧን በእጇ ደግፋ ነው የተነሣችው፤ ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ኪኪኪ አለ።

«ውባለም ናት» አለች።

ሜዳው በአንድ ትንፋሽ ቀለለው። ሰው ነጠላውን እያራገፈ ወደ ውድማው ሮጠ፤ ውባለምን ዞር ብሎ ያየ የለም። አበጀም አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ። «እሱባለው፣ አንተ ቀልጣፋ ነህ፣ ጣሪያዋ ላይ ውጣና ያንን ሶላር አውርድልኝ» አለው። እሱባለው ወጣ። እንዳይሰበር እንደ ሕፃን አቅፎ አወረደው፤ በዚያው ሰዓት ወስዶ በአበጀ ቤት ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ውባለም ስልኳንም አስረከበች። ለአመተ ማርያም አበጀ በቀረው ሰው ፊት ስንዴ አሰፈረላት፦ «ማንን ከለከልኩ? እንች፣ እውነተኛ ሴት!»

ሲመሽ ውባለም በራፉ ላይ ቆማለች። እናቷ እንጀራ አቀረበች፤ አልተቀመጠችም። አመተ ማርያም ትኩስ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች።

«ከስንዴው ነው» አለች።

«ይውሰዱት፣ እትዬ። የሸጡኝበትን አልበላም።»

«ግዝት ፈርቼ መስሎሻል?» አለች አመተ ማርያም። «አበጀ የናቀኝ በር ላይ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ። አንች ለአገር አከፋፈልሽኝ። አንድ ቀን ‹እትዬ፣ ድምፅዎን ልስጠው ወይ?› ብለሽኛል?»

ውባለም ከበራፉ ፈቀቅ አለችላት።

«ልጆቼ በልተው ተኝተዋል» አለች አመተ ማርያም፣ ሰፌዱን መደቡ ላይ አስቀምጣ። «አንችም ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስሽም። ብይ።»

እስክትበላ ልትሄድ አልፈለገችም፤ ቆማ ጠበቀች። ውባለም መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ዘገነች፣ በላች።